የሩጫን ርቀት ለመለካት የእጅ ሰዓት ይሻላል ወይስ ስልክ?

በየማለዳው ለሩጫ የሚወጣው ተማሪ ቍጥር እየበዛ ከሄደ ወዲህ፣ አንድ ክርክር በየመኝታ ክፍሉና በምግብ ቤቱ ሰልፍ ላይ ሳይሰማ የሚውልበት ቀን የለም። ሁለት ጓደኞች ጎን ለጎን አንድ መንገድ ሮጠው ይመለሳሉ። ባለ ሰዓቱ «10 ኪሎ ሜትር ከ200 ሮጥን» ይላል፤ ባለ ስልኩ ደግሞ «የለም፣ 9 ከ700 ነው» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ስለ ርቀት መሆኑ ይቀርና ስለ መሣሪያው ዋጋ ይሆናል፤ ውድ የያዘው ረቺ፣ ርካሽ የያዘው ተረቺ ሆኖ ይለያያሉ።

እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ እንጂ መሐንዲስ አይደለሁም። ዳሩ ግን የወራት የኪስ ገንዘቡን አጠራቅሞ ይህንኑ ሰዓት ለመግዛት ቈርጦ የተነሣ ወዳጅ ስላለኝ፣ እርሱን የመሰሉም ብዙዎች ስለሆኑ፣ ነገሩን መርምሬ የደረስሁበትን ለአንባቢ ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየኝ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ሰዓቱም ስልኩም የሚያዳምጡት እነዚያኑ ሳተላይቶች መሆኑ ነው። ጂፒኤስ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት ሥርዓት ከ24 የማያንሱ ሳተላይቶች ሲኖሩት፣ እነርሱም ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይዞራሉ። እያንዳንዱ ሳተላይት «አሁን ሰዓቱ ይህ ነው፤ እኔም ያለሁት እዚህ ነው» እያለ በራዲዮ ሳያቋርጥ ይናገራል። በእጃችን ያለው መሣሪያ መልእክቱ እስኪደርሰው የፈጀውን ጊዜ በብርሃን ፍጥነት አባዝቶ ከሳተላይቱ ያለውን ርቀት ያውቃል። ለዚህ ሦስት ሳተላይቶች በበቁ ነበር፤ ነገር ግን የእኛ መሣሪያ ሰዓት እንደ ሳተላይቱ የአቶም ሰዓት የተጣራ ስላልሆነ፣ ጕድለቱን ለማረም አራተኛ ያስፈልጋል። የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ብትዛባ ስሕተቱ 300 ሜትር ይሆናልና!

እስከ ሜይ 2 ቀን 2000 ድረስ የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪሉ የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ስለ ነበረ፣ ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ያ ማዛባት ባይቆም ኖሮ እኛም ዛሬ የምንከራከርበት ነገር ባልኖረን። አሁን ግን የሩስያው፣ የአውሮፓውና የቻይናው ሳተላይቶችም ስለ ተጨመሩ፣ ሰማዩ ወለል ብሎ በሚታይበት ሜዳ ላይ አንድ ተራ ስልክ ያለበትን ቦታ በ5 ሜትር ያህል ክልል ውስጥ ያውቃል። ሰዓቱም ቢሆን በዚህ ረገድ እጅግ አይበልጠውም።

ታዲያ ሁለቱ ስለምን ይለያያሉ? መልሱ እንዲህ ነው። መሣሪያው የሚለካው ቦታን እንጂ ርቀትን አይደለም። ርቀቱን የሚያገኘው ነጥብ ከነጥብ እያያያዘ በመደመር ነው። አንድ ሰው በጨለማ ሲሄድ በየጥቂት እርምጃው ጠጠር እየጣለ፣ ኋላ ጠጠሮቹን በገመድ ቢያያይዝ ማለት ነው። ጠጠሮቹ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ተበታትነው ከወደቁ ገመዱ ይጠማዘዝና ከመንገዱ ይረዝማል፤ ተራርቀው ከተጣሉ ደግሞ ኩርባውን እየቈረጠ ያልፍና ከመንገዱ ያጥራል። ኪሎ ሜትሩን በ4 ደቂቃ የሚሮጥ ሰው በአንድ ሰከንድ ከ4 ሜትር በላይ ይሄዳል፤ ስልኩ ባትሪ ለመቈጠብ ብሎ በየ5 ሰከንዱ ብቻ ቦታውን ቢመዘግብ፣ በሁለት ጠጠሮች መካከል ያለው ርቀት ከ20 ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ 10 ከ200 ያለውም፣ 9 ከ700 ያለውም ተሳስተው ሊሆን ይችላል፤ አንዱ በመጠማዘዝ፣ ሌላው በመቍረጥ።

ረጃጅም ሕንፃ ባለበት ጎዳና ነገሩ ይብሳል። የሳተላይቱ ምልክት በቀጥታ በመምጣት ፈንታ ግድግዳ ነክቶ ይመለሳል፤ መሣሪያውም የገደል ማሚቶን ድምፅ እንደ እውነተኛ ጥሪ ይቈጥረዋል። እንጦጦ ላይ ደግሞ ጥቅጥቅ ያለው የባሕር ዛፍ ቅጠል ምልክቱን ያዳክመዋል። ከ2018 ጀምሮ በሁለት የራዲዮ ሞገድ የሚያዳምጡ ስልኮች መሸጥ ጀምረዋል፤ አንዳንድ ሰዓቶችም ይህንኑ ይዘዋል። ለከተማ ሯጭ ከሚጠቅሙት ነገሮች ዋናው ይህ ይመስለኛል፤ ሻጩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ መልኩና ስለ ማሰሪያው ነው።

በዚህ አጋጣሚ አንድ የተለመደ አባባል ላርም። «የእንጦጦ ዳገት ኪሎ ሜትር ይሰርቃል፤ መሣሪያው ካርታውን እንጂ ሽቅብ መውጣቱን አይቈጥርም» ሲባል ሰምቻለሁ። ሒሳቡ ግን ይህን አይደግፍም። በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር ሽቅብ በሚወስድ ብርቱ ዳገት ላይ እንኳ፣ ሽቅብታውን ባለመቍጠር የሚጐድለው ከ10 ኪሎ ሜትሩ 50 ሜትር ብቻ ነው። ዳገቱ የሚሰርቀው ትንፋሽን ነው።

ወደ ስልኩ እንመለስ። ስልክ የሚታማው ብዙውን ጊዜ ባለቤቱ ባጠፋው ነው። ባትሪ ቈጣቢው ሲበራ፣ ስክሪኑ እንደ ጠፋ የሩጫው አፕሊኬሽን በሥውር ይታገዳል፤ ሯጩ ከቤቱ ሲደርስ በካርታው ላይ መንገዱ በአንድ ቀጥ ያለ መሥመር ጣራ ለጣራ አልፎ ያገኘዋል። ስለዚህ ለዚያ አፕሊኬሽን ብቻ ቍጠባውን ማንሣት፣ ትክክለኛውን ቦታ እንዲያውቅም ፈቃድ መስጠት ያስፈልጋል። ደግሞም ሰማይ ወደሚታይበት ወጥቶ አንድ ደቂቃ ያህል መቆም ነው። እያንዳንዱ ሳተላይት የራሱን ምሕዋር ለመናገር 30 ሰከንድ ይፈጅበታል። ስልኩ ይህን ወሬ በኢንተርኔት አስቀድሞ ስለሚያገኝ ይፈጥናል፤ ለብዙ ቀን ተዘግቶ የሰነበተ ሰዓት ግን ከሰማይ እስኪሰማ ይጠብቃል። ቍልፉን ተጭኖ ወዲያው መፈትለክ የመጀመሪያውን 200 ሜትር ለዕድል መስጠት ነው። ስልኩንም ከወገብ ይልቅ በክንድ ማሰር ይመረጣል፤ የሰው አካል ምልክቱን ይጋርዳልና።

ሰዓቱ ታዲያ ጥቅም የለውም ወይ? አለው። ዝናብ አይፈራም፤ እጅን አይይዝም፤ በረጅም ሩጫ ባትሪው አይከዳም፤ ሯጩ ሳይቆም ዐይኑን ጣል አድርጎ ያየዋል። ቢያልቅም የጠፋው የሰዓት ባትሪ ነው፤ ስልኩ ለቤተሰብ መደወያ ይተርፋል። ከርቀት ጋር የሚያያዘው ግን ጥቂቱ ነው። በዚያች ቅጽበት የሚያሳየውን ፍጥነትማ ባያምኑት ይሻላል፤ ቦታውን በ5 ሜትር የሚስት መሣሪያ የጥቂት ሰከንድ ፍጥነት ሲናገር እየገመተ ነው። የሙሉ ኪሎ ሜትሩን አማካይ ማየት ይበቃል፤ ያንን ደግሞ ስልኩም በድምፅ ይናገራል። እንግዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ከ5 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ለሚሮጥ ተማሪ፣ ስልክ ካለው፣ ርቀት ለመለካት ብሎ ሰዓት መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው እላለሁ። ማራቶን ለሚዘጋጅ ወይም በየቀኑ ሁለት ጊዜ ለሚሮጥ ግን አልፈርድበትም። ወዳጄ ይህን ሲያነብ ቅር እንደሚለው ዐውቃለሁ።

በአንድ ነገር ላይ ሁለቱም እኩል ጥንቃቄ ይሻሉ። ስትራቫን የመሳሰሉት አፕሊኬሽኖች የሮጥንበትን መንገድ ለሌሎች ያሳያሉ። በጃንዋሪ 2018 ይኸው ድርጅት ካወጣው የዓለም ካርታ ላይ፣ ወታደሮች በሚሮጡበት ዱካ የተነሣ የጦር ሰፈሮች ተለይተው ታይተዋል። የጦር ሰፈር ካልተደበቀ፣ በየማለዳው በ12 ሰዓት ከአንድ በር የምትወጣ እኅታችንም አትደበቅም። የመነሻውንና የመድረሻውን አካባቢ የሚሸፍን ማስተካከያ አለና ከመጀመሪያው ሩጫ በፊት ይደረግ።

አሁን «አምስት መቶ ሜትር ቢዛነፍ ምን ይጎዳል?» የሚል አይጠፋም። ይጎዳል። 9 ከ500 የሆነውን መንገድ 10 ነው ብሎ በ50 ደቂቃ የሚሮጥ ሰው፣ ኪሎ ሜትሩን በ5 ደቂቃ የሚሮጥ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን 5 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነው። ከ2001 ጀምሮ በአዲስ አበባ በሚደረገው የታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር በዚያ በሐሰተኛው ፍጥነት ቢነሣ፣ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ አየር ላይ ዕዳውን ከመጨረሻው ሳይደርስ ይከፍላል። ይልቁንም የፋኵልቲ ቡድን በስልክ ፎቶግራፍ ማስረጃ የሚመረጥ ከሆነ፣ የሚመረጠው ፈጣኑ ሳይሆን ስልኩ አስረዝሞ የሚለካለት ነው።

የታወቁት የጎዳና ውድድሮች ርቀት እስከ ዛሬ በሳተላይት አይለካም። የሚለካው በብስክሌት ነው! በ1971 አለን ጆንስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ የፈጠረው ቆጣሪ ከፊተኛው ጎማ ላይ ይታሰርና የጎማውን መዞር ይቈጥራል። ለኪው ከጠርዙ 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ አጭሩን መንገድ ይዞ ይነዳል፤ ውድድሩ እንዳያጥርም በኪሎ ሜትር 1 ሜትር ይጨመራል። ማንም ሯጭ ያንን አጭር መንገድ በትክክል ይዞ ስለማይሮጥ፣ የማራቶን ሯጭ ሰዓት 42.195ን አልፎ ቢያሳይ «መንገዱ ረዝሟል» ብሎ መክሰስ አይገባም። ይህም ሆኖ ሰው ይሳሳታል፤ በእንግሊዝ አገር የማንቸስተር ማራቶን በ2013፣ በ2014ና በ2015 380 ሜትር አጥሮ መገኘቱ ኋላ እንደገና ሲለካ ታውቋል።

የመሮጫ መም ባለበት ደግሞ ሰዓትም ስልክም ኪስ ውስጥ ቢቀመጡ ይሻላል። የውስጠኛው መሥመር አንድ ዙር 400 ሜትር ነው፤ ሁለተኛው 407 ያህል። ከዚህ የበለጠ መለኪያ ከሰማይ አይመጣም።

መም ለራቀብን ግን ለኅብረቱ የስፖርት ኮሚቴ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። አንድ ብስክሌት፣ ከመሐንዲሶቹ ፋኵልቲ የምንዋሰው አንድ የብረት ሜትርና ጥቂት ነጭ ቀለም ይበቃናል። በቀጥተኛ መንገድ ላይ 100 ሜትር በሜትሩ ይለካል፤ በብስክሌቱ አራት ጊዜ ተነድቶ ጎማው ስንት ጊዜ እንደ ዞረ፣ ሽቦዎቹን ጭምር በመቍጠር፣ አማካዩ ይያዛል። ዙሪያው 2 ሜትር ከ10 የሆነ ጎማ በ100 ሜትር 47 ጊዜ ተኩል ያህል፣ በኪሎ ሜትር 476 ጊዜ ያህል ይዞራል። ፀሐይ የጎማውን ነፋስ ስለምታሳብጥ ሥራው ሁሉ በአንድ ማለዳ ይለቅ፤ የሰው ክብደትም ጎማውን ስለሚለውጠው ነጂው አይቀየር። ከዚያ በግቢው ዙሪያ በየ500 ሜትሩ ነጭ ምልክት ይቀባል። ለመቍጠሩ ሥራ ሁለት ሰዎች ያስፈልጋሉ፤ አንደኛው እኔ ለመሆን ፈቃደኛ ነኝ።