የወፍ ፎቶግራፍና የምክር አደብ

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያ ጠዋት የተገኘ ሰው አባ ኮዳን ፍለጋ መድከም የለበትም። የዓሣ ትራፊ የለመደው ይህ ግዙፍ ወፍ ራሱ ከሰው መሐል ገብቶ ይቆማል። መላጣ ራሱና ከአንገቱ የተንጠለጠለው ከረጢት ልጅ አዋቂውን ያስገርማል፤ ዛሬ ደግሞ ሞባይል የያዘ ሁሉ ያነሳዋል። አብዛኛው ፎቶግራፍ ግን ተመሳሳይ ነው፦ ቁመን ካለንበት የተነሳ፣ ከጀርባው ጀልባና የሰው እግር የታጨቀበት፣ የወፉ ዓይን በጥላ የተዋጠበት።

ይህን ያነሳ ወጣት ቤት ገብቶ ሲያሳይ እናቱ «ማሻአላህ፣ ሲያምር!» ይላሉ። የእናት ምርቃት ነውና ደግ ነው። ሆኖም ልጁ በሚቀጥለው ወር ያንኑ ዓይነት ፎቶግራፍ ይዞ ይመለሳል። ታላቅ ወንድሙ ደግሞ በሰው ፊት «ይሄ ምኑ ፎቶ ነው!» ቢለው ካሜራውን ጨርሶ ሊያስቀምጥ ይችላል። ከሁለቱም የተማረው ነገር የለም። «ወፉ ጥሩ ቆሟል፣ ግን ዓይኑ አይታየኝም፤ ፀሐይዋን ከጀርባህ አድርገህ፣ በርከክ ብለህ ብታነሳውስ?» የሚል እህት ወይም ጓደኛ ቢያገኝ ግን ነገ የሚሞክረው ነገር ይኖረዋል።

ውድ አንባቢያን፣ ምእመን ለወንድሙ መስታወት መሆኑ በሐዲስ የተነገረ ነው። መስታወት ጉድፉን ለባለቤቱ ያሳየዋል እንጂ ለጎረቤት አያወራበትም። የፎቶግራፍ ነሲሓም ከዚህ ሊወጣ አይገባም። (ሕይወት ያለውን ነገር ፎቶግራፍ ማንሳትን በተመለከተ ዑለማዎች የተለያየ አስተያየት አላቸው። ይህ ጽሑፍ ፈትዋ አይደለም፤ ጥያቄ ያለው ዓሊሙን ይጠይቅ።)

ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ጨለማ ክፍል ሲገባ የሚሆነውን በጥንቃቄ ከመረመሩት ሊቃውንት አንዱ በ354 ሂጅራ ገደማ በበስራ የተወለደው ኢብኑል ሀይሰም ነው። ካሜራ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ይህ ሊቅ በበጥሊሞስ ሥራዎች ላይ ያሉትን ጥርጣሬዎቹን ባሰፈረበት መጽሐፍ፣ እውነትን ፈላጊ የሌላውን ጽሑፍ አጥብቆ እንዲመረምር፣ ሲመረምርም የራሱን ፍርድ ጭምር እንዲጠራጠር አሳስቧል። አስተያየት ሰጪም «ስህተት ነው» ከማለቱ በፊት እኔ ስላልወደድኩት ብቻ ይሆን ብሎ ራሱን ቢጠይቅ ጥሩ ነው።

በተግባር ምን ይባላል?

በአዲስ አበባ ጣራዎች ላይ የሚታየውን፣ ከራሱ ኋላ ነጭ ምልክት ያለውን ትልቅ ቁራ እንውሰድ። በአፍሪካ ቀንድ ብቻ የሚገኝ ወፍ ነው። ከታች ወደ ሰማይ አንጋጠው ሲያነሱት ካሜራው በሰማዩ ብሩህነት ይታለልና ቁራው እንደ ከሰል ጥላ ሆኖ ይወጣል። «ጠቁሯል» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ «ብርሃኑን ጨምርለት» መባል አለበት። በዝዋይ ሐይቅ ላይ በጨለም ያለ ውኃ የሚንሳፈፈው ነጭ ፔሊካን ግን ተቃራኒው ይደርስበታል። ካሜራው ውኃውን አይቶ ብርሃን ሲያበዛ የወፉ ላባ ነጭ ወረቀት ይመስላል። እዚህ ላይ ምክሩ «ቀንስ» ነው። ሁለቱን ፎቶግራፎች ጎን ለጎን አድርጎ የተመከረ ወጣት ነገሩን ቶሎ አይረሳውም።

ቁርዓን በሱረቱል ሙልክ 19ኛው አንቀጽ ከበላያችን ክንፋቸውን እየዘረጉና እያጠፉ የሚበሩትን ወፎች እንድንመለከት ያመላክተናል። ይህን ክንፍ ጥርት አድርጎ ማንሳት ግን ቀላል አይደለም። በአንድ ስፍራ አየር ላይ እየተርገበገበ ቆይቶ ወደ ውኃ የሚወረወረውን ጥቁርና ነጭ ዓሣ አጥማጅ ወፍ በ1/250 ሰከንድ ቢያነሱት ክንፉ ጭጋግ ይሆናል፤ 1/2000 ወይም ከዚያ የፈጠነ ያስፈልጋል። «ደብዝዟል» የሚል ሰው ድብዛዜው ከየት እንደመጣ ቢለይ ጥሩ ነው። ሥዕሉ በሙሉ ከደበዘዘ እጅ ተንቀሳቅሷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ክንፉ ብቻ ከሆነ ፍጥነቱ አንሷል፤ ቅጠሉ ጠርቶ ወፉ ከደበዘዘ ደግሞ ካሜራው ያተኮረው በሌላ ነገር ላይ ነው። መፍትሔያቸውም ይለያያል።

ከዓስር ሶላት በኋላ የሚገናኙ ሦስት አራት ጓደኛሞች፣ ወይም እቤት ያሉ እህትማማቾች፣ ለዚህ ይበቃሉ። እያንዳንዱ ሦስት ፎቶግራፍ ብቻ ይዞ ይምጣ። መርጦ መምጣቱ ራሱ ግማሽ ትምህርት ነው። አንሺው አስቀድሞ ምን ለማሳየት እንደፈለገ ይናገር፤ ሌሎቹ ለአንድ ፎቶግራፍ ከአንድ ወይም ሁለት ምክር አይለፉ። ከባድ ነቀፋ ካለ ለብቻ ይነገረው።

አንድ ጥያቄ ግን በሁሉም ፊት፣ ያለ ይሉኝታ ሊጠየቅ ይገባል፤ በተለይ ጎጆና ጫጩት ለሚታይበት ፎቶግራፍ፦ «ይህን እንዴት አነሳኸው?» ኢብኑ መስዑድ ባስተላለፉትና አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ፣ በጉዞ ላይ የነበሩ ሰሐቦች የአንዲት ትንሽ ወፍ ሁለት ጫጩቶች በወሰዱ ጊዜ እናቲቱ መጥታ ክንፏን ታርገበግብ ጀመር። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) በልጆቿ ያስጨነቃት ማን እንደሆነ ጠይቀው እንዲመልሱላት አዘዙ። ለተሻለ ብርሃን ሲባል ከጎጆ ፊት ቅርንጫፍ መቁረጥ ጫጩቶቹን ለፀሐይና ለጭልፊት ማጋለጥ ነው። እንዲህ የተነሳ ፎቶግራፍ የቱንም ያህል ቢጠራ አይሞገስ። ወላጅ ወፍ ምግብ በአፏ ይዛ ቅርንጫፍ ላይ ቆማ ወደ ጎጆዋ መግባት ካመነታች ካሜራ የያዘው ሰው ከልክ በላይ ተጠግቷል፤ እስክትገባ ድረስ ወደ ኋላ ይሽሽ።