የሕመም ማስታገሻ ሁሉ አንድ አይደለም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ እህቶቼ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስለ ማስታገሻ ኪኒን የተናገርኩትን፣ ፈቃድ አጥተው ያልመጡት እህቶችም እንዲያነቡት ጻፍኩት። እኔ ነርስ አይደለሁም፤ እንደናንተው የሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ። የምነግራችሁ ታምሜ የተማርኩትንና ሐኪም ጠይቄ ያወቅሁትን ነው።

አንድ ዓመት በሁዳዴ ወገቤን ክፉኛ አመመኝ። ማዳም አንድ ኪኒን ሰጠችኝ። ጎረቤት የምትሠራ እህታችን ደግሞ «ይኼኛው ይሻልሻል» ብላ ሌላ ሰጠችኝ። መድኃኒት ጾም አያስገድፍም ብዬ ሁለቱንም ጠዋት ጠዋት እየዋጥኩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም ነበር። በአምስተኛው ቀን እንደ ቡና አተላ የጠቆረ አስመለሰኝ። ሐኪሟ ማሸጊያዎቹን አየችና «ስማቸው ተለያየ እንጂ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ጨጓራሽን አድምተውታል» አለችኝ። አንዱ ዳይክሎፌናክ፣ ሌላው አይቡፕሮፌን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ኪኒን በሦስት ቤት ከፍዬ ነው የማስበው።

አንደኛው ቤት ፓራሲታሞል ነው፤ ብዙዎቻችን ፓናዶል የምንለው። ለራስ ምታትና ለትኩሳት ጥሩ ነው፣ ጨጓራም አይነካም። ለወገብ ሕመም ግን ብዙም አይረዳም። ጉዳቱ ሲበዛ ጉበት ላይ ነው፤ ጉበት ሲጎዳ ደግሞ ወዲያው አያስታውቅም። ባለ 500 ሚሊግራሙን አንድ ወይም ሁለት ወስዳችሁ ቢያንስ 4 ሰዓት ጠብቁ። በቀንና ሌሊት ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም፤ ሰውነቷ ቀጭን ለሆነች ወይም ጉበቷን ለሚያማት ከዚያም ያነሰ ነው። የጉንፋን ኪኒኖች ብዙዎቹ ውስጣቸው ፓራሲታሞል አለ። ሁለቱን የወሰደች ሳታውቀው ደረበች ማለት ነው።

ሁለተኛው ቤት አይቡፕሮፌን (ብሩፌን፣ አድቪል) እና ዳይክሎፌናክ (ቮልታረን፣ ካታፍላም) ናቸው። ለወር አበባ ቁርጠት፣ ለጥርስ፣ ለጡንቻና ላበጠ ነገር ከፓራሲታሞል ይሻላሉ። ጨጓራን ግን ያቆስላሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ ደም ግፊት ይጨምራሉ። ዳይክሎፌናክ ለልብ ሕመምተኛ አይሆንም። ጨጓራ፣ ግፊት፣ ኩላሊት ወይም አስም ያለባት፣ ነፍሰ ጡርም የሆነች፣ ሐኪም ሳትጠይቅ አትውሰድ። ከዚህ ቤት ሁለት ዓይነት አይደረብም። ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ግን ቤታቸው ስለሚለያይ፣ መጠናቸው ከተጠበቀ፣ አንድ ላይ ሊወሰዱ ይችላሉ፤ ለጥርስ ሕመም ሐኪሞች እንዲህ ያዛሉ።

ሦስተኛው ቤት ትራማዶል ነው። ብዙዎቻችን «ኃይለኛው» እንለዋለን። ነገር ግን ለጥርስ ሕመም ከአይቡፕሮፌን አይበልጥም። ያዞራል፣ ያስመልሳል፣ ሆድ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ያመጣል። የዞረባት ሰው በረንዳ ላይ ቆማ መስኮት ስታጸዳ አስቡት! ሲበዛ እንደ ሚጥል በሽታ ያንቀጠቅጣል፤ ከእንቅልፍ ኪኒን ወይም ከአልኮል ጋር ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ሱስም ያስይዛል። ለረጅም ጊዜ የወሰደች በአንድ ጊዜ አታቁም፤ በሐኪም ምክር ቀስ እያለች ትቀንስ። በሳዑዲ፣ በኩዌትና በኤምሬትስ ደግሞ ቁጥጥር የሚደረግበት ስለሆነ ያለ ማዘዣ ይዞ መገኘት ያሳስራል። ኤርፖርት ላይ «ለዘመዴ አድርሺልኝ» የሚባል ኪኒን አትቀበሉ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ኪኒን ሲሰጠን «ኃይለኛ ነው?» ሳይሆን «ውስጡ ምንድን ነው?» ብለን እንጠይቅ። ከትልቁ ስም በታች በትናንሽ ፊደል የተጻፈው የመድኃኒቱ እውነተኛ ስም ነው። ማንበብ ያቃታት ማሸጊያውን በስልኳ ፎቶ አንስታ ለፋርማሲው ታሳይ፤ ከማሸጊያው የወጣ ባዶ ፍሬ ግን አትዋጥ። የሁለተኛውን ቤት ኪኒን ምግብ በልታችሁ ውሰዱ። በጾም ወራት የታመመች ለንስሐ አባቷ ትንገር፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ሥርዓት አላት። እኔ ያንን ሳልጠይቅ በራሴ ፈርጄ ነው የተጎዳሁት።

እንደ ቡና አተላ ያለ ትውከት፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ የዓይን ቢጫ መሆን ወይም የትንፋሽ ማጠር ካያችሁ እስከ ነገ አትጠብቁ። ለማዳም «ሆዴን አመመኝ» ብቻ አትበሉ፤ «ደም አስመለሰኝ» በሉ። እኔ ሦስት ጊዜ «ሆዴን» ብዬ ሻይ ተፈላልኝ፤ «ደም» ያልኩ ቀን መኪና ተነሣ።

ይህን ወረቀት አንብባችሁ ስትጨርሱ እሑድ መውጣት ለማትችል እህት አቀብሏት። ለሀገራችን በሰላም ያብቃን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።