የሱቅዎ ስዊች ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ታደሰ?

በዚህ ዓምድ ስለ ግብር፣ ስለ ንግድ ፈቃድና ስለ ብድር መነጋገር የተለመደ ነው። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ግን «የሒሳብ ባለሙያ ምን አገባው?» ሊያሰኝ ይችላል። ጉዳዩ ከመደርደሪያ ጀርባ አቧራ ለብሳ፣ ትናንሽ መብራቶቿን እያብለጨለጨች ስለምትቀመጠው ስዊች ነው። የካርድ ክፍያ ኩባንያዎ በየዓመቱ የሚልክልዎና እርስዎ የሚፈርሙበት መጠይቅ ይህችን ዕቃ የሚመለከት ስለሆነ፣ ነገሩ የገንዘብም የኃላፊነትም ጉዳይ ነው።

ስዊች ማለት የኢንተርኔቱን መስመር ለካርድ ማሽኑ፣ ለካሽ ሬጅስተሩ፣ ለካሜራዎቹና ለስልኩ የምታከፋፍል ሣጥን ናት። በታክሲ ኩባንያ ቢሮ ደግሞ የጥሪ መቀበያ ኮምፒዩተሮቹ የሚገናኙት በእርሷ ነው። ሁለት ዓይነት አለች። ተራዋ ገመድ ሰክተውባት የሚረሷት ናት። ማኔጅድ ስዊች የምትባለው ግን የራሷ ሶፍትዌር አላት፤ በኮምፒዩተር ገብተው ያዝዟታል። አንዲት መኪና ይዞ በስልኩ ካርድ የሚቀበል ባለታክሲ ስዊች የለውም፤ ነገር ግን ስለ እድሳት የምንለው ሁሉ ለስልኩና ለካርድ ማንበቢያውም ይሠራል።

ማኔጅድ ስዊች ምን ትጠቅማለች? ዋናው ጥቅሟ መለየት ነው። ቪላን በሚባለው ዘዴ አንዷን ሣጥን እንደ ብዙ ሣጥን ልትከፍላት ትችላለች። የካርድ ማሽኑ በአንድ ክፍል፣ ካሜራው በሌላ፣ ደንበኞች የሚጠቀሙበት ዋይፋይ በሦስተኛ ክፍል ይሆናሉ። በዋይፋዩ የገባ ሰው የካርድ ማሽኑን አያገኘውም። እ.ኤ.አ. በ2013 ታርጌት የተባለው ትልቅ መደብር የ40 ሚሊዮን ካርዶች ቁጥር ሲሰረቅበት፣ ሌቦቹ መጀመሪያ የገቡት የማቀዝቀዣ ሥራ ይሠራ ለነበረ ተቋራጭ በተሰጠ የመግቢያ ፈቃድ ነበር። በአንዱ በር የገባ ሁሉንም ክፍል እንዳይዞር ማድረግ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ከዚህ ሌላ የማይሠራባቸውን መሰኪያዎች መዝጋት፣ ካሜራ ሲደነዝዝ መሰላል ሳይወጡ ኤሌክትሪኩን ከስዊቿ አቋርጦ መመለስ፣ አንድ ሰው ገመዱን በስሕተት ከራሷ ከስዊቿ ጋር መልሶ ቢያገናኘው መስመሩ ሁሉ እንዳይቆም መከላከል ይቻላል።

ታዲያ ሶፍትዌር ያለው ዕቃ ሁሉ ቀዳዳ አይጠፋውም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ሲስኮ ለትናንሽ ንግዶች በሚሸጣቸው ስዊቾች ላይ ብዙ ቀዳዳዎች መገኘታቸውን አስታውቆ ጥገና አወጣ። አራቱ ከ10 ነጥብ 9.8 የተሰጣቸው ነበሩ፤ የምስጢር ቃል የማያውቅ ሰው እንኳ ከሩቅ ሆኖ ስዊቿን ሊቆጣጠራት ይችል ነበር። የ200፣ የ300 እና የ500 ተከታታይ ስዊቾች ግን የአገልግሎት ዘመናቸው በማብቃቱ ጥገና እንደማይወጣላቸው ኩባንያው በዚያው ማስታወቂያ ገለጸ። ልብ ይበሉ፤ ዕቃው ይሠራል፣ መብራቱም ይበራል፣ ቀዳዳው ግን አይደፈንም።

«የእኔን ትንሽ ሱቅ ማን ይፈልጋል?» የሚሉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 ጥገና የወጣለትን የሲስኮ ዕቃዎች ቀዳዳ የውጭ አገር ሰላዮች ገና እየተጠቀሙበት መሆኑን የአሜሪካው ኤፍ.ቢ.አይ. በነሐሴ 2025 አስጠንቅቋል። ከ7 ዓመት በኋላ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ፍለጋ የሚካሄደው በማሽን ስለሆነ ሱቁ ትንሽ ይሁን ትልቅ አይለይም፤ ያልታደሰውን በር ሁሉ ያንኳኳል።

እድሳቱን ሲያደርጉ ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን የሚከተለውን ቅደም ተከተል ይያዙ።

1ኛ፦ የስዊቿን ሞዴል፣ የመለያ ቁጥርና አሁን ያላትን የሶፍትዌር ቁጥር በወረቀት ይጻፉ።

2ኛ፦ ወደ አምራቹ ድረ ገጽ ገብተው በሞዴሉ ስም ይፈልጉ። ከአዲሱ ሶፍትዌር ጋር የሚወጣውን የለውጥ ዝርዝር ያንብቡ፤ የትኛው ቀዳዳ እንደተደፈነ፣ ምን አዲስ ነገር እንደተጨመረ፣ ምን ችግር ገና እንዳለ ይናገራል። ሶፍትዌሩን ከአምራቹ በቀር ከሌላ አይውሰዱ።

3ኛ፦ የስዊቿን ቅንብር ቅጂ በኮምፒዩተርዎ ያስቀምጡ።

4ኛ፦ ሱቁን ከዘጉ በኋላ ይጀምሩ። ስዊቿ ጠፍታ ስትነሣ ካርድ ማሽኑም ስልኩም ለጥቂት ደቂቃዎች ይቆማሉ። በመካከል ኤሌክትሪክ ከተቋረጠ ዕቃዋ ልትበላሽ ስለምትችል አይንኳት።

5ኛ፦ ሲያበቃ የካርድ ማሽኑን፣ ካሜራዎቹንና ስልኩን አንድ በአንድ ይሞክሩ፤ ቀኑንም ይመዝግቡ።

ከፋብሪካ አብሯት የመጣውን የምስጢር ቃል ወዲያው ይለውጡ። አዲሱም ቃል በእርስዎ እጅ ይሁን፤ ቴክኒሺያኑ ብቻ የሚያውቀው ከሆነ እርሱ የሄደ ቀን በገዛ ሱቅዎ ባዕድ ይሆናሉ። ስዊቿን ከኢንተርኔት በኩል ማዘዝ የሚያስችለውንም በር ያዘጉት።

አሁን ወደ መጠይቁ እንመለስ። የካርድ ኩባንያዎቹ ፒ.ሲ.አይ. የሚባለው ደንብ አላቸው። ደንቡ የፋብሪካ የምስጢር ቃል እንዲለወጥ፣ ከፍተኛ አደጋን የሚከላከል ጥገና ደግሞ በወጣ በ1 ወር ውስጥ እንዲገባ ያዛል። ለብቻው ቆሞ በኢንተርኔት መስመር የሚሠራ ካርድ ማሽን ላላቸው ነጋዴዎች የተዘጋጀው መጠይቅም፣ ማሽኑ በሱቁ ካሉት ሌሎች ዕቃዎች ጋር እንዳልተገናኘ እንዲያረጋግጡ ይጠይቃል። ብዙዎቻችን ቶሎ ለመገላገል «አዎን» በሚለው ሁሉ ላይ ምልክት አድርገን እንፈርማለን። ካርድ የተሰረቀ ዕለት ግን ያ ፊርማ ይወጣል፤ የምርመራው ወጪና ቅጣቱ በነጋዴው ላይ ሊወድቅ ይችላል። መጠይቁን ጭራሽ ያልመለሱም ካሉ የወር የካርድ ሒሳብ ወረቀትዎን ይመልከቱ፤ ብዙ ኩባንያዎች ደንቡን ላላሟላ ነጋዴ የሚያስከፍሉት የወር ክፍያ አለ፤ ምናልባት ሳያውቁት እየከፈሉ ይሆናል።

ጥገና የማይወጣላት አሮጌ ስዊች ካለችዎ መለወጥ ነው። በአሜሪካ የግብር ሕግ፣ የተመረመረ የሒሳብ መግለጫ የሌለው ትንሽ ንግድ ለአንድ ዕቃ እስከ 2,500 ዶላር ያወጣውን በዚያው ዓመት እንደ ወጪ ሊቀንስ ይችላል። ለዚህም ከዓመቱ መጀመሪያ አንሥቶ ይህን የሒሳብ አያያዝ መከተልና ከግብር ማስታወቂያው ጋር ምርጫውን ማያያዝ ያስፈልጋል። ስለዚህ ደረሰኙን አይጣሉ። ሲገዙም ከዋጋው በፊት «እስከ መቼ ጥገና ይወጣላታል?» ብለው ይጠይቁ። ርካሽ ተብላ የተገዛች ያገለገለች ስዊች ዘመኗ ያለፈ ልትሆን ትችላለችና።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ዛሬ ማታ ሱቁን ሲዘጉ የእጅ ባትሪ ይዘው ከመደርደሪያው ጀርባ ይግቡና የሞዴሉን ቁጥር ይጻፉ፤ ቀሪው ሥራ ከዚያ ይጀምራል። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ መልካም ገበያ ይሁንልዎ።