ሳይቃጠል በቅጠል
ደንቡስ አለ፤ በሩን የሚያንኳኳው ማን ነው?

አንድ ሰው ደብተር ይዞ ከሱቃችን ደጃፍ ቆመ እንበል። ከማዘጋጃ ቤት የተላከ ነው። የኋላው በር እንዲከፈትለት ይጠይቃል፤ በሩ ግን በካርቶን ተከምሮበታል። ቀና ብሎ ኮርኒሱን፣ ዝቅ ብሎ የኤሌክትሪክ ገመዱን ያያል። የእሳት ማጥፊያው የት እንደተቀመጠም ይጠይቃል። እኛስ ምን ይሰማናል? አብዛኞቻችን በልባችን «ዛሬ ደግሞ ምን ፈልጎ መጣ?» እንላለን። ሻይ እንጋብዘዋለን፤ አባቱን እናውቃቸዋለንና ስለ ጤንነታቸው እንጠይቀዋለን፤ «በሚቀጥለው ሳምንት እናስተካክለዋለን» ብለን እንሸኘዋለን። እሱም ሰው ነውና ደብተሩን አጥፎ ይሄዳል። የሚቀጥለው ሳምንት ግን አይመጣም።

ውድ አንባቢያን! በዚህ ጽሑፍ ልናነሳው የፈለግነው የዚህን ሰው ጉዳይ ነው። ስለ እሳት አደጋ ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው እሳቱ ከተነሳ በኋላ የሚመጣው መኪና ነው፤ ለምን ዘገየ፣ ውሃው ለምን አለቀ እየተባለ። እሳቱ ከመነሳቱ በፊት ስለሚመጣው ሰው የሚያስብ ጥቂት ነው። በትንሽ ከተማ ደግሞ ይህን ሥራ የያዘው አንድ ሰው ወይም ሁለት ሰው ሊሆን ይችላል። እሱ ካላየ ሌላ የሚያይ የለም።

መጥቶ ያላየው

በአሜሪካ ሮድ አይላንድ በተባለችው ግዛት ውስጥ ዌስት ዋርዊክ የምትባል 30 ሺህ ያህል ነዋሪዎች ያሏት ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. የካቲት 20 ቀን 2003 ሌሊት፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ጥቂት ካለፈ በኋላ፣ በከተማዋ በሚገኝ አንድ የሙዚቃ ቤት መድረክ ላይ ርችት ተተኮሰ። የርችቱ ፍንጣሪ በመድረኩ ዙሪያ በግድግዳና በኮርኒሱ ላይ ተለጥፎ የነበረውን ስፖንጅ አቀጣጠለው። ስፖንጁ የተለጠፈው ጎረቤቶች በድምፅ ስለተቸገሩ ጩኸቱን ለማፈን ተብሎ ነበር። ሰዉ መጀመሪያ ነገሩን የትርኢቱ አካል አድርጎ አየው፤ ሲነቃ ደግሞ ሌሎች መውጫዎች እያሉ አብዛኛው የገባበትን የፊት በር ብቻ አስቦ ወደዚያው ተንጋጋ፤ በሩም በሰው ታጨቀ። በዚያች ሌሊት በደረሰው አደጋ 100 ሰዎች ሞቱ፤ ከ200 በላይ ቆሰሉ።

ለመሆኑ ይህ ቤት ተቆጣጣሪ አጥቶ ነበርን? አልነበረም። የከተማው የእሳት አደጋ ተቆጣጣሪ ከአንድ ጊዜ በላይ መጥቶ አይቶታል። በመድረኩ አጠገብ ያለው በር ወደ ውስጥ የሚከፈት መሆኑን እንደ ጉድለት መዝግቧል። እዚያው አጠገብ የተለጠፈውን፣ ከፍራሽ ስፖንጅ የማይሻለውን ተቀጣጣይ ነገር ግን በአንዱም ሪፖርቱ አልጻፈም። ዓይኑ በለመደው ጉድለት ላይ አርፎ አዲሱን ሳያይ ቀረ።

በኋላ የአገሪቱ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ብሔራዊ ተቋም መድረኩን በአምሳያው ሠርቶ በእሳት ሞከረው። ከጣራ ውሃ የሚረጭ መሣሪያ በሌለበት ሙከራ ክፍሉ በ90 ሰከንድ ገደማ ሰው በሕይወት የማይቆይበት ሆነ፤ መሣሪያው በተገጠመበት ሙከራ ግን ሰው ለመውጣት የሚበቃ ጊዜ ያገኝ ነበር። የዌስት ዋርዊኩ ቤት አሮጌ ነበርና መሣሪያው አልነበረውም። ርችቱን ያቀጣጠለው የሙዚቃ ቡድኑ አስተባባሪና ከሁለቱ ባለቤቶች አንዱ በ2006 እስር ተፈረደባቸው። ተቆጣጣሪው አልተከሰሰም። ከተማዋ ግን ለተጎጂዎች 10 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማች። ግዛቲቱም እንዲሁ። ገንዘቡ የሞቱትን እንደማይመልስ መናገር አያሻም።

ሳይመጣ የቀረው

ይህ ከሆነ ከ20 ዓመታት በላይ አለፉ። ዓለም ትምህርት የወሰደ ይመስል ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2026 ሌሊት፣ በስዊዘርላንድ ተራሮች ላይ በምትገኘው ትንሿ ክራንስ-ሞንታና፣ ምድር ቤት ባለው አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ጠርሙስ ላይ የተሰካ ብልጭታ የኮርኒሱን ስፖንጅ አቀጣጠለ። ከ40 ያላነሱ ሰዎች ሞቱ፤ ከ100 በላይ ቆሰሉ። ብዙዎቹ ገና ወጣቶች ነበሩ። ከጥቂት ቀናት በኋላ የከተማዋ አስተዳደር ራሱ በአደባባይ አንድ ነገር አመነ፤ ቤቱ በየጊዜው ሊፈተሽ ሲገባው ከ2020 እስከ 2025 ድረስ አንድም ጊዜ አልተፈተሸም ነበር።

ስዊዘርላንድ ገንዘብ ያጣች፣ ሕግ ያልጻፈች ወይም ባለሙያ የሌላት አገር አይደለችም። ሕጉ በወረቀት ላይ ነበር፤ የጎደለው አንድ ሰው ደብተር ይዞ በሩን ማንኳኳቱ ብቻ ነው።

«ሁለቱም ቤቶች የዘፈንና የመጠጥ ቤቶች ናቸው፤ እኛን ምን አገናኘን?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እሳት ግን ቤት አይመርጥም። ጨርቅና ስፖንጅ የለበሰ የሠርግ አዳራሻችንም፣ አንድ በር ብቻ ያለው መድረሳችንም፣ ሠራተኛ የሚያድርበት ሱቃችንም ለእሳት አንድ ናቸው።

ይሉኝታ

በእኛ አገር ትንንሽ ከተሞች ደንብ የሚሞትበት ሌላ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ እሱም ይሉኝታ ነው። ተቆጣጣሪው መጥቷል፤ ጉድለቱንም አይቷል፤ ነገር ግን ባለሱቁ የአጎቱ ጎረቤት ነው፤ ልጆቻቸው አንድ ትምህርት ቤት ይማራሉ፤ በለቅሶም በሠርግም ይገናኛሉ። «በዚህ ኑሮ እንዴት አድርጌ ሱቅህን ላሽግብህ?» ይላል። በደግነት የተናገረው ይመስለዋል። እኛም «ሰው የሚገባው ሰው» እያልን እናመሰግነዋለን።

እስቲ ቆም ብለን እናስብ። ይህ ደግነት ለማን ነው? ለባለሱቁ ነው እንዳንል፣ እሳት ቢነሳ መጀመሪያ የሚቃጠለው የእሱ ንብረት ነው። ለሠራተኛው ነው እንዳንል፣ ማታ ከውጭ ተቆልፎበት ከዕቃው ጋር የሚያድረው እሱ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ለዚህ ሰው የሰጠው ሥልጣን አማና ነው። አማናን ደግሞ ባለቤቱ ለወዳጁ ቆርሶ የሚሰጠው ነገር አይደለም።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ጥንት በእስልምናው ዓለም ከተሞች ሙሕተሲብ የሚባል ሹም ነበር፤ ገበያውን እየዞረ ሚዛኑን፣ መንገዱን፣ የእጅ ባለሙያዎችን ሥራ ይመረምር ነበር። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት አሽ-ሸይዘሪ ለሙሕተሲቦች ባዘጋጁት መመሪያ የዳቦ ጋጋሪዎች ቤት ጣራው ከፍ ያለ፣ የምድጃው ጭስ መውጫም ሰፊ እንዲሆን ጠይቀዋል። ሙሕተሲቡ ከነጋዴና ከባለሙያ ስጦታ መቀበል እንደሌለበትም እዚያው ተመክሯል። ዕውቀት ብቻውን እንደማይበቃ፣ እጅም ንጹሕ መሆን እንዳለበት ያን ጊዜም ታውቋል። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና አንድ ቤት ሌሊት ከነሰዎቹ መቃጠሉ በተነገራቸው ጊዜ፣ እሳት ጠላት መሆኑን ገልጸው ከመኝታ በፊት እንዲጠፋ አዘዋል።

ደንብ ሲኖር፣ ተከታይም ሲኖር

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 1997 በሚና የደረሰውን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ከምግብ ማብሰያ ጋዝ የተነሳ እሳት በነፋስ እየታገዘ 70 ሺህ ያህል ድንኳኖችን በላ። 343 ሐጃጆች ሞቱ፤ ከ1,500 በላይ ቆሰሉ። ከዚያ በኋላ የጨርቅ ድንኳኖቹ እሳት በማይዛቸው ተተኩ፤ በድንኳን ውስጥ በጋዝ ማብሰልም ተከለከለ። ያስተዋልነው ቁም ነገር ክልከላው በወረቀት አለመቅረቱን ነው። ሚና በዓመት ለጥቂት ቀናት ብቻ ሕይወት የሚዘራባት፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው የሚሰፍርባት ከተማ ናት። በዚያች ከተማ ማስከበር ከተቻለ፣ ሁሉም ሰው ሁሉን በሚያውቅባት በእኛ ከተማ የማይቻልበት ምክንያት ምንድን ነው?

በአገራችንም ደንብ ጠፍቶ አያውቅም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በየከተማው የሕንፃ ሹም እንዲኖር፣ ሕንፃዎችም የእሳት መከላከያ እንዲያሟሉ ደንግጎ ነበር። ሆኖም ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሳው እሳት የብዙ ነጋዴዎችን የዕድሜ ልክ ጥሪት ለሰዓታት ሲበላ አይተናል። የመንገዶቹ መጣበብ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ሥራ እንዳከበደው ያን ጊዜ ተነግሯል። መንገድ በአንድ ሌሊት አይጠብም። ዛሬ አንድ ክንድ፣ ነገ ሌላ ክንድ እየተባለ፣ አንዱ «ለአሁን ይሁን» ሲል፣ ሌላው አይቶ ሲያልፍ ነው የሚጠበው።

እኛስ ምን እናድርግ?

ተቆጣጣሪው እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም። ዛሬ ማታ እያንዳንዳችን ተነስተን የቤታችንንና የሱቃችንን ሁለተኛ በር እንክፈት። ያለ ቁልፍ ፍለጋ ይከፈታልን? መስኮቱ በብረት ታጥሮ ከሆነ ልጆቻችን በየት ይወጣሉ? የጋዝ ሲሊንደሩ ከምድጃው ምን ያህል ይርቃል? በአንድ ማከፋፈያ ላይ ስንት ዕቃ ሰክተናል? ሠራተኛ ወይም ዘበኛ ሱቅ ውስጥ የሚያድር ከሆነ ከውጭ አንቆልፍበት። ይህ ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ ጉዳይ አይደለም።

ተቆጣጣሪው ሲመጣ ደግሞ በሻይ አንሸኘው። ያየውን ጉድለት በጽሑፍ እንዲሰጠን፣ ተመልሶ የሚመጣበትንም ቀን እንዲጽፍልን እንጠይቀው። ቀኑ አልፎ ካልመጣም እኛው ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄደን እናስታውስ። የመስጂድና የመድረሳ ኮሚቴዎች ቀድመው «መጥታችሁ እዩልን» ብለው ቢጠሩ ለከተማው ሁሉ ምሳሌ ይሆናሉ፤ ትልቁ ሲፈተሽ ትንሹ አያፍርምና። ማዘጋጃ ቤቶችም ተቆጣጣሪውን ብቻውን አይተዉት። የገዛ ሰፈሩን ከሚፈትሽ የሌላውን ሰፈር ይፈትሽ፤ በዚህኛው ዓመት ያየውን ቤት በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ዓይን ይየው። ያኔ ይሉኝታውም፣ የለመደ ዓይንም ይቀንሳል።

አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ቅጠሉ እዚያ ደብተር ላይ የተጻፈችው አንዲት መስመር ናት። የዌስት ዋርዊክ ሰዎች ያች መስመር ሳትጻፍ ቀረችባቸው፤ የክራንስ-ሞንታና ሰዎች ደብተሩም ሳይመጣ ቀረባቸው። በእኛ ዘንድ ግን ሰውየው ደጃፋችን ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። በሩን እንክፈትለት፤ ካርቶኑንም እናንሳለት። ቅር የሚለን ቅሬታ በአንድ ሳምንት ይረሳል። አላህ ቤቶቻችንንና ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ እኛንም ሰበቡን ከሚያደርሱት ያድርገን። አሚን።