ባዶው ፎቅና የእኛ ጎጆ

በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ካሉት የአማርኛ አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ እሑድ ጠዋት ተቀምጣችሁ የጸሎት ርእስ ሲሰበሰብ ሰምታችሁ ይሆናል። አንድ ወንድም ከፊት ወንበር ይነሣና፣ «ቢሮዎቹ ተከፍተው ሰው ወደ ሥራው እንዲመለስ ጸልዩልኝ» ይላል። መሐል ከተማ ፓርኪንግ ነው የሚሠራው፤ ሰዓቱ ተቀንሶበታል። ሦስት ወንበር አለፍ ብላ የተቀመጠች እህት ደግሞ አንገቷን ደፍታ በልቧ፣ «ጌታ ሆይ፣ ቢሮ ግቡ የሚለው ትእዛዝ እኔን ይለፈኝ» ትላለች። የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ ሁለት ሕፃናት አሏት። ሁለቱም ከልባቸው ነው የሚጸልዩት። ታዲያ ጌታ የማንኛቸውን ይስማ?

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። የዲሲን መሐል ከተማ የምታውቁት ከሆነ፣ በ1910 የወጣ ሕግ የሕንፃዎቹን ከፍታ ስለ ገደበ ሰማይ ጠቀስ ፎቅ የለበትም። በምትኩ ኬ ስትሪትን ይዞ ግራና ቀኝ ዝቅ ዝቅ ያሉ የቢሮ ሕንፃዎች ጠርዝ ለጠርዝ ተደርድረዋል። በዚያ ሰፈር የሚኖረው ሰው ጥቂት ነው። ጠዋት ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ይጎርፋል፤ ማታ ይወጣል። ከብዙዎቹ ሕንፃዎች ሥር ደግሞ ፓርኪንግ አለ። ፓርኪንግ ባለበት የእኛ ሰው እንዳለ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። በቡዙ ውስጥ ቲኬት እየቆረጠ ነርሲንግና አካውንቲንግ አጥንቶ የተመረቀ፣ በዚያችው ደመወዝ አገር ቤት ወንድም እህት ያስተማረ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲተከል አሥራቱን ያዋጣ ስንት አለ!

በማርች 2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ይህ ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጭር አለ። ሠራተኛው ኮምፒውተሩን ይዞ ቤቱ ገባ፤ በሽታው ከበረደ በኋላም እንደ ቀድሞው አልተመለሰም። የፌዴራል መንግሥቱ የሒሳብ ምርመራ መሥሪያ ቤት በጁላይ 2023 ባወጣው ዘገባ፣ ከተመለከታቸው 24 መሥሪያ ቤቶች መካከል 17ቱ ከዋና መሥሪያ ቤታቸው ስፋት በአማካይ ሩቡን ወይም ከዚያ በታች ብቻ እንደሚጠቀሙ ገልጿል። የከተማዋ ከንቲባ ሙሪየል ባውዘርም በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ፣ መንግሥት ወይ ሠራተኛውን ይመልስ፣ ወይም ሕንፃዎቹን ለመኖሪያ ቤት ይልቀቅ ብለው በግልጽ ጠይቀው ነበር።

ይህ ለፓርኪንግ ሠራተኛው ምን ማለት ነው? ቀድሞ ወርኃዊ ከፍሎ በየቀኑ ይገባ የነበረው ደንበኛ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ብቻ ይመጣል። ወርኃዊውን ይተውና በቀን ይከፍላል። ሰኞና ዓርብ ጋራዡ ባዶ ነው፤ አምስት ቀን ይሠራ የነበረው ወንድምም ሦስት ቀን ይሆናል። የሳንድዊች ሱቁ፣ ልብስ ንጽሕና ቤቱ፣ የታክሲ ሹፌሩ ሁሉ በዚያው ሦስት ቀን ላይ ይንጠለጠላል። የሕንፃው ዋጋ ሲወርድ ከተማዋ የምታገኘው የንብረት ግብር አብሮ ይወርዳል። ሕንፃዎቹን ወደ መኖሪያ መለወጥም ሰው እንደሚያስበው ቀላል አይደለም። የቢሮ ፎቅ ወርዱ ሰፊ በመሆኑ መሐሉ መስኮት አያገኝም፤ የውኃ ቧንቧውም በአንድ ቦታ ብቻ ነው የሚወጣው። ከተማዋ ግን እስከ 2028 ድረስ 15 ሺህ አዲስ ነዋሪዎችን ወደ መሐል ከተማ ለማስገባት አቅዳ ጀምራለች።

ከዚያ 2025 መጣ። አማዞን ከጃንዋሪ 2 ጀምሮ የቢሮ ሠራተኞቹን በሳምንት አምስት ቀን ጠራ፤ ጃንዋሪ 20 ደግሞ ፕሬዚዳንት ትራምፕ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞቻቸውን ሙሉ ጊዜ ወደ ቢሮ እንዲመልሱ አዘዙ። የፓርኪንጉ ወንድማችን ጸሎት ተመለሰ ልንል ነበር። ነገር ግን በዚያው ዓመት ከቢሮ ከተጠሩት ብዙዎቹ ተሰናበቱ፤ ሌሎችም ራሳቸው እንዲለቁ ተደረገ። ከኦክቶበር 1 እስከ ኖቬምበር 12 ድረስ ደግሞ መንግሥት በበጀት ምክንያት 43 ቀን በከፊል ተዘጋ፤ ጋራዡም እንደገና ጎደለ።

አንድ ነገር ግን ወንድሞቼ በግልጽ ልንገራችሁ። ሰው ቢመለስም ቡዙ ላይመለስ ይችላል። በወረርሽኙ ጊዜ ብዙ ጋራዦች ታርጋ የሚያነብ ካሜራና በስልክ የሚከፈልበት መንገድ አስገብተዋል። ማሽን እረፍት አይጠይቅም። ስለዚህ የቀድሞው ቀን እስኪመለስ ብቻ እየጠበቃችሁ ያላችሁ ካላችሁ፣ አሁን ባላችሁ ትርፍ ሁለት ቀን ፈቃድ የሚያስገኝ ሙያ ጀምሩ። ሚስትህ ይህን ስትነግርህ «ናቀችኝ» አትበል፤ ፈርታ ነው።

አሁን ወደ እህታችን ቤት እንግባ። እውነቱን ለመናገር ከቤት የመሥራቱ ዘመን ለብዙ ጎጆ ዕረፍት ነበር። ከዚያ በፊት በስንቶቻችን ቤት ባልና ሚስት የሚገናኙት በር ላይ ነበር! እርሱ ከሌሊት ሥራ ሲገባ እርሷ ትወጣለች፤ ልጁን እንደ ዱላ ቅብብል ይለዋወጡታል። አብሮ መብላት ለእሑድ ነበር። ሥራው ቤት ሲገባ እናት ልጇን ከትምህርት ቤት አውቶቡስ ወርዶ ሲመጣ በመስኮት አየችው። ምሳ አብረው የበሉ ባልና ሚስት ነበሩ። አሁን ከዉድብሪጅ ወይም ከጀርመንታውን ተነሥታ መሐል ከተማ የምትገባ እናት ገና ሳይነጋ ነው የምትወጣው። ልጁን ማን ይቀበለዋል? ከትምህርት በኋላ የሚጠብቀው ስንት ያስከፍላል? እማማን ከአዲስ አበባ እናምጣ ወይ? ጭቅጭቁ የሚነሣው በዚህ ነው፤ ብዙ ጊዜም እሑድ ማታ፣ ሁለቱም ሰኞን ሲፈሩ።

ባለትዳሮች ሆይ፣ ይህን ንግግር እሑድ ማታ አትጀምሩት። ቅዳሜ ልጆቹ ሲተኙ ቡና አፍልታችሁ ተቀመጡና የሁለታችሁንም የሥራ ሰዓት በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። የማን ሥራ ይበልጣል የሚለውን ጥያቄ አታንሡት፤ በዚያ ጥያቄ ያሸነፈ ባል አላየሁም፤ ሚስትም እንዲሁ። ይልቅ ከደመወዙ ላይ የልጅ ጥበቃውን፣ ቤንዚኑንና ፓርኪንጉን ቀንሱና የሚተርፈውን እዩ። የፌዴራል ሠራተኛ ከሆናችሁ መሥሪያ ቤታችሁ ለሜትሮና ለአውቶቡስ የሚሰጠውን ድጎማ ጠይቁ፤ ቅጹን ባለመሙላት ብቻ የሚያጡት አሉ። አባቶችም ልጅ የማብላትና የማጠብ ተራ ሲደርሳችሁ «ሚስቴን ረዳኋት» አትበሉ፤ ልጁ የእናንተም ነው።

የጸሎቱ ጥያቄስ? ነቢዩ ኤርምያስ ወደ ባቢሎን ለተማረኩት በላከው ደብዳቤ (ኤር. 29) ቤት ሠርተው እንዲኖሩ፣ አትክልት ተክለው እንዲበሉ፣ ልጆቻቸውን እንዲድሩ፣ ለተማረኩባትም ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ ይነግራቸዋል፤ የእነርሱ ደኅንነት በእርሷ ደኅንነት ውስጥ ነውና። ደብዳቤው ስለ አንድ ቤተሰብ ኑሮ ብቻ ሳይሆን ስለ ከተማዋ ጸልዩ የሚል መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ከተማዋ የፓርኪንግ ሠራተኛውም፣ የእናቲቱም፣ ከሥራ የተሰናበተውም ናት። ሰው ለሌላው ጸሎት አሜን ለማለት ግን መጀመሪያ የሌላውን ኑሮ መስማት አለበት። እኛ ደግሞ ከአምልኮ በኋላ ቡና ይዘን ከምናውቀው ሰው ጋር ብቻ ነው የምንቆመው።

እስቲ በሚመጣው እሑድ ያችን እህት ከዚያ ወንድም ጋር አስተዋውቋቸው። «ወንድሜ፣ ከነገ ጀምሮ ቢሮ ልገባ ነው፤ የእናንተ ፓርኪንግ በቀን ስንት ነው?» ብላ ትጠይቀው ይሆናል። እኔ የማውቃቸው የፓርኪንግ ወንድሞች መልሳቸው ምን እንደሚሆን እገምታለሁ፦ «ተይ እህቴ፣ በሜትሮ ነይ፤ ገንዘቡን ለልጆችሽ።»