ሊንከር የሚያውቀው ስም ብቻ ነው

አቃቂ የከርሰ ምድር ውሃ አገር ነው። የአዲስ አበባ ውሃ ትልቁ ድርሻ ከሚቀዳባቸው ጥልቅ ጉድጓዶች ብዙዎቹ እዚህ ናቸው፤ ከቃሊቲ ወደ አቃቂ በሚወስደው መንገድ ካሉት ፋብሪካዎችም የራሳቸውን ጉድጓድ ያስቆፈሩ አሉ። የእኛ ትንሽ ወርክሾፕ የሚተዳደረው የፓምፕና የሞተር መቆጣጠሪያ ቦርድ በመሥራት ነው፤ ፕሮግራሙን የምንጽፈው በሲ ነው።

ክረምት ሲመጣ ከተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች ተለማማጆች እንቀበላለን። ሲ ያውቃሉ፤ ግን የለመዱት በአንድ ፋይል ተጀምሮ በአንድ ፋይል የሚያልቀውን ነው። እኛ ጋ ሴንሰሩ ለብቻው፣ ሞተሩ ለብቻው፣ ስክሪኑም ለብቻው ፋይል አለው። ብዙም ሳይቆዩ «ኢንጂነር፣ ኮምፓይለሩ እምቢ አለኝ» ይመጣል። ስክሪኑን ሳየው የተጻፈው «አንዲፋይንድ ሬፈረንስ» ነው። ኮምፓይለሩማ ሥራውን ጨርሶ ሄዷል። እምቢ ያለው ሊንከሩ ነው።

ኮምፓይለር በአንድ ጊዜ የሚያየው አንድ የሲ ፋይል ብቻ ነው፤ ጎረቤቱ ፋይል ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅም። የሞተሩ ፋይል «ግፊት የሚባል ቫሪያብል ሌላ ቦታ አለ» ብሎ በኤክስተርን ካሳወቀው አምኖ ያልፋል፤ አድራሻው የሚገባበትንም ቦታ ክፍት ይተወዋል። ከዚህ የሚወጣው ኦብጀክት ፋይል ከማሽን ኮዱ ጋር የስም ዝርዝር ይዟል። ኤንኤም በሚባለው ትእዛዝ ዝርዝሩን ማየት ይቻላል፤ ቲ የተጻፈበት ስም እዚያው ያለ ፈንክሽን ነው፣ ዲ እና ቢ ዳታ ናቸው፣ ዩ ደግሞ ከሌላ ቦታ የሚፈለግ ማለት ነው። ሊንከሩ ዝርዝሮቹን ሁሉ ሰብስቦ ለእያንዳንዱ ዩ ባለቤት ይፈልጋል፤ ሲያገኝ ክፍቱን ቦታ በአድራሻው ይሞላል። ባለቤት ካጣ «አንዲፋይንድ»፣ ሁለት ባለቤት ካገኘ «መልቲፕል ዴፊኒሽን» ብሎ ያቆማል። ስለዚህ ተለማማጆቹን ኮዱን ከመነካካታቸው በፊት ኤንኤም እንዲያዩ አስገድዳቸዋለሁ። ይሰለቻሉ፤ ይሰልቹ።

የላይብረሪ ቅደም ተከተልም ያደናግራል። ሊንከር ትእዛዙን የሚያነበው ከግራ ወደ ቀኝ ነው። ኦብጀክት ፋይልን እንዳለ ይወስዳል፤ ከስታቲክ ላይብረሪ ግን የሚወስደው እስከዚያ ሰዓት ባለቤት ያጣ ስም ያለበትን ክፍል ብቻ ነው። ላይብረሪው ከፈላጊው ቀድሞ ከተጻፈ ገና የጎደለ ስም ስለሌለ ምንም ሳይወስድ ያልፈዋል፤ ኋላ ሲያስፈልግም ተመልሶ አያየውም። መፍትሔው ላይብረሪውን ወደ መጨረሻ ማዞር ነው።

እስካሁን ያልኩት ሊንከሩ ራሱ የሚጮህበት ስሕተት ስለሆነ ብዙም አያሳስበኝም። እኔን የሚያስፈራኝ ዝም የሚልበት ነው። በሲ ውስጥ ሊንከር የሚያዛምደው ስምን ከስም ጋር እንጂ ዓይነትን ከዓይነት ጋር አይደለም። ካርድ ብቻ እያየ ዕቃ የሚያወጣ ስቶር ኪፐር በሉት፤ 10 ሚሊ ቡሎን ላለው 10 ሚሊ ዳዶ ይሰጣል፣ ጥርሳቸው ይግጠም አይግጠም አይሞክርም።

የሴንሰሩ ፋይል ግፊትን በፍሎት አስቀመጠ እንበል፤ የስክሪኑ ፋይል ደግሞ ያንኑ ስም ኢንት ነው ብሎ ጠራው። ኮምፓይለሩ ሁለቱን ለየብቻ ስላያቸው አይቃወምም። ሊንከሩም ስሙ አንድ ስለሆነ አገናኝቶ ይሄዳል። ግፊቱ 4 ባር ሲሆን ስክሪኑ ላይ የሚወጣው 1082130432 ነው፤ የ4 ፍሎት ቢቶች እንደ ኢንት ሲነበቡ የሚሰጡት ቁጥር ነው። ይህስ ወዲያው ይታያል። «ግፊት ከ1 ባር በታች ከወረደ ፓምፑን አቁም» የሚለው መስመር ሲሆን ግን ማንም አያይም። ግማሽ ባር እንደ ኢንት ሲነበብ 1056964608 ይሆናል፤ ከ1 በታች አይደለምና ፓምፑ ውሃ በሌለበት ጉድጓድ ውስጥ እስኪቃጠል ይሽከረከራል።

ዝም የሚባልበት ሌላም ቦታ ነበር። ዋጋ ያልተሰጠው አንድ ዓይነት ስም ያለው ቫሪያብል በሁለት ፋይል ከተጻፈ የቆየው የጂሲሲ ኮምፓይለር ሁለቱን እንደ አንድ ይቆጥራቸው ነበር። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ጂሲሲ 10 ይህን በነባሪ ከለከለ፤ ለዓመታት ያለችግር ይሠራ የነበረ ኮድም በአንድ ቀን ሊንክ አልሆን አለ። «አዲሱ ኮምፓይለር ተበላሽቷል» ያሉ ሰዎች አውቃለሁ። እኔ ግን ውለታ ነው የምለው።

ስም ብቻ ከታየ፣ በአማርኛ የተጻፈ ስምስ? ከዚያው ከጂሲሲ 10 ጀምሮ የፈንክሽንን ስም በቀጥታ በፊደላችን መጻፍ ይቻላል፤ ተለማማጆቹም ይወዱታል። ሊንከሩ ግን አማርኛ አያነብም፤ የሚያነጻጽረው ባይት ነው። አንዱ «ኃይል_አጥፋ» ብሎ ፈንክሽኑን ይጽፋል፣ ሌላው በራሱ ፋይል «ሀይል_አጥፋ» ብሎ ይጠራዋል፤ ለእኛ አንድ የሆነው ለሊንከሩ ሁለት ነው። በዩኒኮድ ሀ 1200፣ ሐ 1210፣ ኀ 1280 ላይ ናቸው፤ ከነራብዖቻቸው የዚህ የአንድ ቃል የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ስድስት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል። በነገራችን ላይ የ1989ኙ የሲ መስፈርት በፋይሎች መካከል ለሚጋራ ስም ዋስትና የሰጠው ለመጀመሪያዎቹ 6 የላቲን ፊደሎች ብቻ ነበር፤ የማሎክና የፕሪንትኤፍ ስም ያጠረው ወዶ አይደለም። አንዱ የእኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይወስዳል፤ በዚያ ዘመን ስፋት ሁለት ፊደል ብቻ ይገባን ነበር ማለት ነው።

እኛ ጋ ያለው ደንብ ይህ ነው። ስታቲክ ተብሎ በአንድ ፋይል ውስጥ የሚቀር ስም በአማርኛ ቢጻፍ ግድ የለኝም፤ ፊደል ቢዛነፍ ኮምፓይለሩ እዚያው ይይዘዋል። ከፋይል ፋይል የሚሻገር ስም ግን በላቲን ይጻፋል፣ በአንድ ሄደር ውስጥ ብቻ ይታወጃል። ያንን ሄደር የሚጠራው ፋይል ብቻ ሳይሆን ባለቤቱ ፋይልም ማስገባት አለበት፤ ያኔ ኮምፓይለሩ አዋጁንና ዕቃውን ጎን ለጎን ስለሚያይ ፍሎትና ኢንት አይቀላቀሉም። ኤክስተርንን በእጁ በሲ ፋይል ውስጥ የጻፈ ተለማማጅ ኮዱ ይመለስለታል።

ቦርዱ ለደንበኛ ከመውጣቱ በፊት ደግሞ ሁሉንም በኤልቲኦ (ሊንክ ታይም ኦፕቲማይዜሽን) አንድ ጊዜ እናስኬደዋለን። በዚህ አሠራር ኦብጀክት ፋይሎቹ የዓይነት መረጃቸውንም ይዘው ወደ ሊንክ ስለሚሄዱ ጂሲሲ በፋይሎች መካከል የተጋጨ ዓይነት ካለ ያስጠነቅቃል። ሥራው ጊዜ ይወስዳል፤ በእኛ አሮጌ ኮምፒውተርማ ምሳ በልቶ መመለስ ይቻላል። ስለዚህ በየቀኑ አናደርገውም።