የካዝናው ቁልፍና አደራ

በዛሬው ዝግጅታችን ገንዘብና ውድ ዕቃ ስለሚጠበቅበት ክፍል እንነጋገራለን። ርዕሱ የባንክ ሠራተኞችን ብቻ የሚመለከት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በየቤታችን ሣጥን ውስጥ የእናቶቻችን ወርቅ አለ፤ ከፍራሽ ሥር የሱቅ ሽያጭ አለ፤ ከሁሉም በላይ የጎረቤት አደራ አለ። ስለዚህ ጉዳዩ የሁላችንም ነው።

ከተማችን ጎንደር ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለችም። ነገሥታቱ የራሳቸው ግምጃ ቤት ነበራቸው፤ ስሙም በፋሲል ግቢ አካባቢ ባለው የግምጃ ቤት ማርያም ቤተ ክርስቲያን መጠሪያ ላይ እስከ ዛሬ ይሰማል። በ1668 እ.ኤ.አ. በቀዳማዊ አፄ ዮሐንስ ዘመን ሙስሊሞች ተለይተው እንዲሰፍሩ ከተወሰነ በኋላ፣ አባቶቻችን በእስላም ቤት፣ ኋላ አዲስ ዓለም በተባለው ሰፈር፣ ኑሯቸውን በንግድ አቀኑ። እስከ ምጽዋ ወደብና እስከ ሱዳን ጠረፍ ይነግዱ ነበር። የነጋዴ ቤት ደግሞ መጋዘንም ነው። አሞሌ ጨው እርጥበት ስለሚያሟሟው ደረቅ ቦታ ይፈልጋል። የማርትሬዛ ብር አንዱ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ አንድ ሺህ ብር 28 ኪሎ ነው፤ በኪስ የሚያዝ አይደለም። ባንክ ባልነበረበት ዘመን በደጋው አገር ብሩ በማሰሮ ተደርጎ በጓዳ ይቀበር ነበር።

ብር ቢቀበር አይበሰብስም። ወረቀት ግን ምስጥ ይበላዋል፣ እርጥበት ያሻግተዋል፣ እሳት ይፈጀዋል። ከዚህም ሌላ ሊሻር ይችላል። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች እንዲለወጡ ሲታወጅ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። ጊዜው ካለፈ በኋላ አንዲት እናት በሟች ባለቤታቸው ኮት ገበር ውስጥ ተሰፍቶ ያገኙትን አሮጌ ብር ይዘው ወደ እኛ መጡ። ምን እንበላቸው? ባለቤታቸው ገንዘቡን ከሌባ ደብቀዋል፤ ነገር ግን ከሚስታቸውም ደብቀው ነው የሄዱት።

ታዲያ የባንክ ካዝና ክፍል ከኮት ገበር በምን ይለያል? ግድግዳው፣ ወለሉና ጣሪያው በብረት የተጠናከረ ወፍራም ኮንክሪት ነው፤ አንዱ ጎን ከደከመ የቀሩት አይጠቅሙምና። በሩ የብረት ሆኖ ወፋፍራም መቀርቀሪያዎች አሉት። አንዳንዱ የሰዓት ቁልፍ ስለተገጠመለት፣ ከተወሰነው ሰዓት በፊት ቁልፍ የያዘውም ሰው ሊከፍተው አይችልም። ትልቁ ነገር ግን ብረቱ አይደለም። ቁልፉና የምስጢር ቁጥሩ በአንድ ሰው እጅ አይሆኑም፤ ሁለት ሰዎች አብረው ካልቆሙ በሩ አይከፈትም። የገባውና የወጣው ይመዘገባል፤ ይቆጠራል። ይህ የሚደረገው ሠራተኛው ሌባ ነው ተብሎ አይደለም። ታማኙ ሰው ከፈተናና ከሐሜት እንዲድን ነው።

ይህ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። ዕዳ እንዲጻፍና ምስክር እንዲቆምበት ቁርአን በአል በቀራ ምዕራፍ አዞናል። መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ.) ከመካ ሲሰደዱ ቁረይሾች እሳቸው ዘንድ ያስቀመጡትን አደራ ለየባለቤቱ እንዲመልስ ዐሊይን (ረ.ዐ.) አስቀርተዋል። ባለ አደራዎቹ የሚያሳድዷቸው ሰዎች ነበሩ፤ ግን አደራ አደራ ነው። በ630 እ.ኤ.አ. መካ ስትከፈትም የካዕባን ቁልፍ ለዑስማን ኢብኑ ጠልሓ መልሰዋል። አሸናፊ መሆን ቁልፍ ለመውሰድ ምክንያት አልሆነም።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ጀናዛ ሸኝተን ሳንመለስ «እሳቸው ዘንድ አደራ ነበረኝ» የሚል ሰው ሲመጣ ስንቴ አይተናል! ልጆቹ አያውቁም፤ ወረቀት የለም፤ ሁለት ቤተሰብ ይቆራረጣል። ስለዚህ ያላችሁንና ያለባችሁን በደብተር ጻፉ። የምታምኑት አንድ ሰው ቦታውን ይወቅ። የሰውን ገንዘብ ከራሳችሁ ጋር አትቀላቅሉ፤ ለብቻው አስራችሁ ስሙን ጻፉበት። ወርቃችሁ 85 ግራም ያህል ደርሶ ዓመት ከሞላው ከመቶ ሁለት ተኩል ዘካ አለበት፤ ሴቶች ስለሚያጌጡበት ወርቅ ግን ዑለማዎች ስለተለያዩ የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ። ወለድን ፈርታችሁ ከባንክ የራቃችሁም ዛሬ ምክንያታችሁ ቀንሷል። ብዙ ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎት ከፍተዋል፤ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነው ዘምዘም ባንክም በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። በአደራ የሚቀመጠው የወዲዓ ሒሳብ ለዚሁ የተዘጋጀ ነው።

ጽኑ ግድግዳ ከሌባ ይጠብቃል። የተጻፈ ቃልና ሁለተኛ ቁልፍ ግን ከራሳችንም ይጠብቁናል። አላህ (ሱ.ወ.) አደራ ጠባቂዎች ያድርገን።